ኮድ ጸሐፊ ኤጀንቶችን በማኅበር ስለ ማሠራት

አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት በኮምፒዩተርዎ ላይ ቀስቅሰው ኮድ እንዲያነብ፣ እንዲጽፍና እንዲፈትን ማድረግ የጥቂት ደቂቃ ሥራ በመሆኑ፣ አምስት ወይም ዐሥር ቀስቅሶ በአንድ ጊዜ ማሰማራትም እንዲሁ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን ዐሥሩ የሚጽፉት ኮድ ሁሉ በመጨረሻ ተሰብስቦ ወደ አንድ ሰው ዐይን ስለሚመጣ፣ ያም ሰው በአንድ ቀን በማስተዋል ሊያነብበው የሚችለው የተወሰነ ስለ ሆነ፣ የማኅበሩ መጠን ሊለካ የሚገባው በመርማሪው ዐቅም ነው። ይህ ጽሑፍ እንደ ክሎድ ኮድና እንደ ኮዴክስ ያሉትን መሣሪያዎች በነጠላ ማሠራት ለለመዱ፣ አሁን ደግሞ በማኅበር ሊያሠሯቸው ለሚያስቡ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ነገሩ ባዶ ቃል ሆኖ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ሥራ በምሳሌነት ይዘን እንሄዳለን፤ ይኸውም በባሕረ ሐሳብ ሥርዐት የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን አስልቶ፣ ከጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ጋር አመሳክሮ በስልክ ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው።

ከሁሉ አስቀድመው ሥራው ማኅበር የሚሻ መሆን አለመሆኑን ይመርምሩ። ፍሬድሪክ ብሩክስ በአይቢኤም ኩባንያ የኦኤስ 360ን ሥራ ከመራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው «ዘ ሚቲካል ማን መንዝ» በተባለው መጽሐፉ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይብሱን እንደሚያዘገየው ገልጾአል፤ 4 ሠራተኞች እርስ በርሳቸው ለመግባባት 6 መንገድ ሲበቃቸው፣ 10 ሠራተኞች ግን 45 መንገድ ያስፈልጋቸዋልና። ኤጀንቶች አይታክቱም፣ አይኳረፉም፣ የሻይ ዕረፍትም አይጠይቁም፤ ሆኖም አንዱ በሥራው መካከል የወሰነውን ሁለተኛው ስለማያውቅ፣ ብሩክስ በሰዎች ላይ ያየው ነገር በእነርሱም ላይ ይደርሳል። ኮግኒሽን የተባለው የኤጀንት ሠሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ባወጣው ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ተግባር ያልተነገረ ውሳኔ በውስጡ እንደሚይዝና የማይስማሙ ውሳኔዎች ሲገናኙ ሥራውን እንደሚያበላሹ አስጠንቅቆ ነበር፤ በዚያው ወር አንትሮፒክ ስለ ራሱ የምርምር ሥርዐት ሲጽፍ ደግሞ፣ ብዙ ኤጀንቶች የሚተባበሩበት ሥራ ከተራ ጭውውት 15 እጥፍ ያህል ቶከን እንደሚፈጅ ገልጾአል። ሁለቱ ጽሑፎች ተቃራኒ ተደርገው ብዙ ተወርቶባቸዋል፤ እኔ ግን የመጀመሪያው ስለ መከፋፈል አደጋ፣ የኋለኛው ይልቁን ስለ መከፋፈል ጥቅምና ዋጋ ስለሚናገሩ፣ የሚጣሉበት ነገር እምብዛም አይታየኝም። እንግዲህ ሥራው እርስ በርሱ የማይነካካ ክፍል ካለው፣ ለምሳሌ መቶ ፋይሎች በአንድ ደንብ የሚታደሱ ከሆነ፣ ወይም አንድን ስሕተት ከልዩ ልዩ አቅጣጫ መፈለግ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ማኅበር ይጠቅማል፤ አንዱ መስመር ሲነካ ሌላው ሁሉ የሚናወጥበት ሥራ ከሆነ ግን ለአንድ ኤጀንት ሰጥተው በትዕግሥት ይከታተሉት።

ለማኅበር የሚገባ ሆኖ ካገኙት፣ አንድም ኤጀንት ከመቀስቀስዎ በፊት ዳኛውን ያቁሙ። ዳኛ የምንለው በአንድ ትእዛዝ የሚሮጥ፣ ትክክሉን ከስሕተቱ ለይቶ የሚናገር የቴስት ስብስብ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ሥራ ለኤጀንቶቹ ይተዉላቸዋል፤ ኤጀንቱም ኮዱን ከጻፈ በኋላ ኮዱ የሚመልሰውን መልስ ራሱ ወስዶ የቴስት መልስ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ እንዲህ ያለው ቴስት ሁልጊዜ ያልፋል፣ የሚመሰክረው ነገር ግን የለም። ባሕረ ሐሳብን ለምሳሌ መምረጣችንም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሊቃውንቱ ማመሳከሪያውን በስሌቱ ውስጥ አኑረውታልና። ዓመተ ዓለሙ፣ ማለት 5500 ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ተደምሮ፣ በ19 ሲገደፍ ከቀሪው 1 ለዘመን ተትቶ ወንበር ይገኛል፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል፤ አበቅቴና መጥቅዕም ሲደመሩ በማናቸውም ዓመት 30 ይሆናሉ። ጾመ ነነዌ ከሰኞ አይወጣም፣ ከጥር 17 አይቀድምም፣ ከየካቲት 21 አያልፍም፤ ትንሣኤ ከነነዌ በ69ኛው ቀን በእሑድ ይውላል፣ ከመጋቢት 26 በፊትም ከሚያዝያ 30 በኋላም አይሆንም። እነዚህ ደንቦች ወደ ቴስት ሲለወጡ፣ ኮምፒዩተሩ ሙሉውን የ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር በአንድ ትንፋሽ ሊመረምርባቸው ይችላል፤ አንድም ዓመት ቢጣስ የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ይነግርዎታል።

ከአጠቃላዩ ደንብ ጋር መልሳቸው በእርግጥ የታወቀ ዓመታትን ይጨምሩ። የ2017 ዓ.ም. ወንበር 11፣ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ሲሆን፣ ነነዌ የካቲት 3፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 12 ቀን ውሏል። እንዲህ ያለውን ቀና ዓመት ማንኛውም ኤጀንት ያገኘዋል፤ የሚያሰናክሉት ዳር ላይ የቆሙት ናቸው። በ2005 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ በ19 ሲገደፍ ምንም ስለማይተርፍ ወንበሩ 18 መሆን ሲገባው፣ ደንቡን በግልብ የጻፈ ኤጀንት ከዜሮ በታች አንድ ብሎ ይመልሳል፤ ከዚህም በላይ መጥቅዑ 12፣ ማለት ከ14 በታች ስለ ሆነ በመስከረም ሳይሆን በጥቅምት ይውላል፣ ትንሣኤውም እስከ ሚያዝያ 27 ይርቃል። በማግሥቱ ዓመት፣ በ2006 ዓ.ም.፣ ወንበሩ ዜሮ፣ አበቅቴውም ዜሮ ስለሚሆን መጥቅዑ 30 ተብሎ ሊያዝ ይገባል፤ ዜሮ ብሎ የመለሰ ፕሮግራም ጥቅምት ዜሮ የሚባል ቀን ሲፈልግ ይገኛል። በቀን መለወጫው በኩል ደግሞ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ፣ ዓመተ ምሕረቱ በ4 ሲገደፍ 3 በሚተርፍበት ዓመት ነው፤ ኤጀንቶች ግን ያደጉበትን የጎርጎርዮሳዊ ደንብ ይዘው በ4 ያለ ቀሪ የሚገደፈውን ዓመት ይመርጣሉ። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ውሏል፤ ይህን አንድ ቴስት ማስገባት ብዙ ወሬ ያስቀራል። ጥንቃቄ ለሚወድ ሰው ሌላም አለ፤ እ.ኤ.አ. 2100 በጎርጎርዮሳዊው ደንብ ፌብሩወሪ 29 የላትም፣ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2093 ዓ.ም. ያለ ጳጉሜን 6 እንኳ በሴፕቴምበር 12 ይውላል። መልሶቹን ከታተመ የዘመን መቁጠሪያና ባሕረ ሐሳብ ካስተማረ መምህር ያረጋግጡ፤ ከዚያም የቴስቶቹን ፎልደር ኤጀንቶቹ እንዲያነብቡት እንጂ እንዲለውጡት አይፍቀዱላቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ማካፈል ነው። ሜልቪን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ድርጅት የሚሠራው ሥርዐት የራሱን የመግባቢያ መልክ ይዞ እንደሚወጣ አስረድቷል፤ እርስዎም ሥራውን ሲያካፍሉ የፕሮግራሙን መልክ እየወሰኑ መሆኑን አይርሱ። በምሳሌያችን ሦስት ክፍል ይበቃናል፦ ቀን መለወጫው፣ የአጽዋማትና የበዓላት ስሌቱ፣ በስልኩ ላይ የሚታየው ገጽ። ሥራውን በየበዓሉ ማካፈል፣ ማለት ለአንዱ ነነዌን ለሌላው ደብረ ዘይትን መስጠት፣ እኩል የተከፈለ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉም ከአንዲት መጥቅዕ የሚነሡ ስለ ሆኑ፣ አንዱ ስሌት በየኤጀንቱ እጅ ተደጋግሞ ይጻፋል። እንዲሁም የሳምንቱን ዕለት የሚያውቀው ደንብና የጳጉሜን ደንብ ለቀን መለወጫውም ለስሌቱም ያስፈልጋሉ፤ ባለቤታቸው ማን እንደ ሆነ አስቀድመው ካልወሰኑ ሁለቱም የየራሳቸውን ጽፈው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ጳጉሜን ያገኛሉ። ስለዚህ በክፍሎቹ መካከል ያለውን ውል በራስዎ እጅ ይጻፉ፤ የፈንክሽኖቹን ስም፣ የሚቀበሉትንና የሚመልሱትን ዐይነት፣ ወር ከ1 እስከ 13 እንጂ ከ0 እንደማይቆጠር ይግለጹ። የጃቫስክሪፕት ቋንቋ ጃንዩወሪን 0 ብሎ ስለሚጀምር፣ ይህች ትንሽ የምትመስል ነገር ሳትጻፍ ከቀረች መስከረም ጥቅምት ሆና የምትገኝበት ቀን ይመጣል።

ውሉ ካለቀ በኋላ ሁለት ዐይነት ጽሑፍ ያዘጋጁ። የመጀመሪያው ለሁሉም የጋራ የሆነው፣ በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ውስጥ የሚቀመጠውና ኤጀንቱ ሥራ ሲጀምር የሚያነብበው የመመሪያ ፋይል ነው፤ ቴስቱ በምን ትእዛዝ እንደሚሮጥ፣ የማይነኩት ፋይሎች የትኞቹ እንደ ሆኑ፣ የትኛው ስም ለየትኛው ነገር እንደ ተመረጠ ይጻፍበት። አሳጥረው ይጻፉት፤ መመሪያው በረዘመ ቁጥር እያንዳንዱ ቃል ክብደቱን ያጣል፣ ኤጀንቱም በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው መጠን ወሰን አለው። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ኤጀንት ለብቻው የሚሰጠው የተልእኮ ደብዳቤ ነው። ከእርስዎ ጋር ሲነጋገር የዋለው ኤጀንት የሚያውቀውን ሌላው እንደማያውቅ አስበው፣ ዛሬ ለተቀጠረ ብልህ ሰው እንደሚጽፉ አድርገው ይጻፉለት። ለስሌቱ ኤጀንት እንዲህ ቢባል ይበቃል፦ «ዓመተ ምሕረት ተቀብሎ የወንበርን፣ የአበቅቴን፣ የመጥቅዕንና የነነዌን መልስ የሚሰጥ ፈንክሽን ጻፍ። ሥራህ በስሌት ፎልደር ብቻ ነው፤ የሳምንቱን ዕለት ከቀን መለወጫው ጠይቅ እንጂ ራስህ አታስላ። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ሥራህ ተፈጸመ የሚባለው የስሌት ቴስቶች በሙሉ ሲያልፉ ነው። ቴስቱ ራሱ የተሳሳተ ከመሰለህ አትለውጠው፤ ሥራህን አቁመህ ምክንያቱን ጽፈህ ጠይቅ።» ከዚህ ሁሉ ዋናው የመጨረሻው ቃል ነው፤ ኤጀንት ማቆም እንደ ተፈቀደለት ካልተነገረው በቀር፣ በተጠራጠረበት ቦታ የመሰለውን መልስ ሰጥቶ የማለፍ ጠባይ አለውና።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማደሪያ ይስጡ። ሁለት ኤጀንቶች በአንድ ፎልደር ውስጥ ቢሠሩ፣ አንዱ በግማሽ የጻፈውን ሌላው አንብቦ ስሕተት ነው በማለት ያርመዋል፣ የመጀመሪያውም ተመልሶ ያፈርሰዋል። ጊት እ.ኤ.አ. በ2015 በ2.5 ዕትሙ ያመጣው ወርክትሪ የተባለው መሣሪያ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ አንዱን የኮድ ታሪክ በጋራ እያስያዘ፣ ለእያንዳንዱ ብራንች የተለየ ፎልደር ይከፍታል። ይሁን እንጂ ወርክትሪ የሚለየው ፋይልን ብቻ ነው። ሁለቱ ኤጀንቶች የሙከራ ሰርቨር ሲያስነሡ በአንድ ፖርት ላይ ይጋጫሉ፣ በአንድ ዳታቤዝ ላይ የሚጽፉ ከሆነም አንዱ የሌላውን መረጃ ይደመስሳል፤ ስለዚህ የፖርት ቁጥርና የሙከራ ዳታቤዝ ለየራሳቸው ይመድቡ። በጊት ያልተመዘገቡ የቅንብር ፋይሎችም ወደ አዲሱ ፎልደር በራሳቸው አይሄዱም፤ ኤጀንቱ ይህን ባላወቀ ጊዜ የጎደለውን ፋይል ከራሱ ፈጥሮ ይጽፋል።

አሁን ማሰማራት ይቻላል፤ ግን በሁለት ይጀምሩ። በምሳሌያችን ቀን መለወጫውና ገጹ አብረው ይነሡ፣ ስሌቱ ቀን መለወጫው ከተፈጸመ በኋላ ይከተል። ከፍ ያለ ቁጥር የሚማርከው ሰው አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በፌብሩወሪ 2026 ያሳተመውን ሙከራ መመልከት ይገባዋል፤ በዚያ ሙከራ 16 ኤጀንቶች ጎን ለጎን ሆነው፣ ወደ 2,000 በሚጠጋ የሥራ ክፍለ ጊዜና በ20,000 ዶላር ገደማ ወጪ፣ በረስት ቋንቋ 100,000 መስመር ያህል ያለው የሲ ኮምፓይለር ጽፈዋል። እያንዳንዱ ኤጀንት የያዘውን ሥራ በአንዲት አነስተኛ ፋይል ስለሚያስታውቅ ሁለቱ አንድ ነገር አያነሡም ነበር፤ ትናንሽ ቴስቶች በብዛት በነበሩበት ጊዜ ሥራው ሳይሰናከል ሄደ። የሊኑክስን ከርነል ወደ መገንባት በደረሱ ጊዜ ግን ሥራው አንድ ግዙፍ ነገር ሆነና ሁሉም በአንድ ስሕተት ላይ ወድቀው፣ ሁሉም ያንኑ እያረሙ፣ አንዱ የሌላውን እርማት ይደመስስ ጀመር፤ 16 መሆናቸው ምንም አልጠቀማቸውም። ሙከራውን ያካሄደው ተመራማሪ ያመጣው መላ ኤጀንት መቀነስ ወይም መጨመር አልነበረም፤ አብዛኞቹን ፋይሎች ጂሲሲ የተባለው የታመነ ኮምፓይለር እንዲተረጉማቸው፣ ጥቂቶቹን ብቻ አዲሱ ኮምፓይለር እንዲተረጉም አድርጎ፣ ስሕተቱ በየትኞቹ ፋይሎች ውስጥ እንዳለ የሚለይ ዳኛ ሠራ፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ኤጀንት የየራሱን ስሕተት አግኝቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። የእኛም ፕሮግራም ትንሽ ቢሆን መንገዱ ይኸው ነው፤ ትንሣኤ ተሳስቷል የሚል አንድ ቴስት ብቻ ካለ ሦስቱም ኤጀንቶች በእርሱ ላይ ይረባረባሉ፣ ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ፣ በመጥቅዕ ላይ የሚደመረው የዕለት ተውሳክና ነነዌ በየራሳቸው ቴስት ከተለዩ ግን ስሕተቱ ያለበት ደረጃ ወዲያው ይታወቃል።

የጻፉትን ሲረከቡ ምርመራው ሁለት ደረጃ ይኑረው። የብራና ጸሐፊ የጻፈውን ሌላ አራሚ ከዋናው ጋር እያስተያየ እንደሚያቀናው፣ በመጀመሪያ ሥራውን ያልሠራ፣ የሠሪውንም ማመካኛ ያልሰማ ሌላ ኤጀንት፣ ደብዳቤውንና የተለወጠውን ኮድ ብቻ ይዞ ይመርምረው። ይህ መርማሪ እንዲያመሰግን ሳይሆን የጎደለውን እንዲፈልግ፣ ያገኘውንም በፋይልና በመስመር ቁጥር እንዲያመለክት ይታዘዝ፤ ጉድለት ፈልግ የተባለ ኤጀንት ባዶ እጁን መመለስ ስለማይወድ ከሚያመጣው መካከል ከንቱው ብዙ ነው፣ እርሱንም መለየት የእርስዎ ፈንታ ነው። ከዚያ በኋላ የተለወጠውን መስመር ሁሉ በራስዎ ዐይን ያንብቡ። በተለይ ሊጠነቀቁበት የሚገባው፣ ቴስት ተለውጦ ወይም ተዘልሎ እንደ ሆነ፣ ስሕተት ሲነሣ ዝም ብሎ የሚውጥ ኮድ ገብቶ እንደ ሆነ፣ የታወቁት ዓመታት መልስ በስሌት ሳይሆን በቃል ተጽፎ እንደ ሆነ ነው፤ 2005 ከሆነ 18 መልስ የሚል መስመር ካገኙ ኤጀንቱ ዳኛውን ሸንግሎታል፣ ሥራውም ገና አልተጀመረም። ሥራ ተፈጽሟል የሚለውን መግለጫ እንደ ማስረጃ አይቀበሉት፣ ቴስቱን ራስዎ ያስሩጡት። ብራንቾቹንም አንድ በአንድ እንጂ በአንድነት አያዋሕዱ፤ ከእያንዳንዱ መርጅ በኋላ ቴስቱ በሙሉ ይሩጥ፣ ቀሪዎቹ ብራንቾችም አዲሱን ዋና ኮድ ተቀብለው ይቀጥሉ።

ስለ ሥልጣን አጭር ቃል ይበቃል። ተጠቃሚዎች የሚገለገሉበትን ዳታቤዝ ቁልፍ፣ የይለፍ ቃልና የክፍያ ምሥጢር ለማናቸውም ኤጀንት አይስጡ፤ ኤጀንቶቹ በተከለለ ኮንቴይነር ውስጥ ይሥሩ፣ ወደ ዋናው ብራንች የመጻፍ ፈቃድም አይኑራቸው። ከኢንተርኔት የሚያነቡት ጽሑፍ በውስጡ የተደበቀ ትእዛዝ ሊይዝ እንደሚችልና ኤጀንቱም የእርስዎ ቃል መስሎት ሊታዘዘው እንደሚችል ያስቡ፤ በምሳሌያችን አንዱም ኤጀንት ኢንተርኔት ስለማያስፈልገው መንገዱን መዝጋት ይቀላል።

በሥራው ቀን ፍጻሜ እያንዳንዱ ኤጀንት የሠራውን፣ ያልሠራውንና የተጠራጠረበትን በአንድ የሂደት ፋይል ላይ በአጭሩ ጽፎ ይዝጋ፤ ነገ የሚቀሰቀሰው ኤጀንት የዛሬውን አያስታውስምና፣ ይህ ፋይል ከሌለ በተተወው መንገድ ላይ እንደ ገና ይጀምራል። ሥራቸው የተዋሐደ ወርክትሪዎችን ያጥፉ፣ የፈጁትን የቶከን ሒሳብም ይመልከቱ። ከዚያም ያልተነበበ የኮድ ለውጥ ምን ያህል እንደ ቀረ ይቍጠሩ፤ ምንም ካልቀረ በማግሥቱ ሦስተኛውን ኤጀንት መጨመር ይቻላል፣ የቀረ ካለ ግን በሁለቱ ይቀጥሉ፤ ያም ሁለት ቀን ከተደጋገመ አንዱን አሳርፈው የተከመረውን በማንበብ ይዋሉ።